ጥለቱ ለምን ይዛነፋል? በአርባ ምንጭ ገበያ ሞላ ላለ ሰውነት የሚሆን ልብስ የማጣት ችግር

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን ዳገት የሚወጣ መንገደኛ ከጨንቻ ከተማ ሳይደርስ ዶርዜን ያገኛል። የዶርዜ ስም ከሸማ ሥራ ጋር ተያይዞ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። ከጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፍረው ለብዙ ትውልድ የዋና ከተማዋን የባህል ልብስ ገበያ በእጃቸው ሥራ ሲመግቡ ኖረዋል። በአርባ ምንጭ ከተማም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሏል። ድርና ማግ የዕለት ኑሮ በሆነበት በዚህ አካባቢ አንዲት ሴት የምትለብሰው ታጣለች ቢባል ለማመን ያስቸግራል። ሆኖም ሰውነቷ ሞላ ያለ ሴት በሲቀላም ሆነ በሴቻ ሱቆች ስትዞር ውላ ባዶ እጇን የምትመለስበት ቀን ብዙ ነው። ያገኘችውም ቢሆን ወይ ከብብቷ ሥር ይይዛታል፣ ወይ ከትከሻዋ ይወርዳል፣ ወይም ቅርጽ የሌለው ከረጢት ይሆንባታል።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የራሴ ገጠመኝ ነው። ለታናሽ እህቴ ሠርግ የባህል ቀሚስ ፈልጌ በአንድ ቀን ወደ ሰባት የሚጠጉ ሱቆች ገብቼ ነበር። በአንደኛው ሱቅ ሻጩ ቀና ብሎ ካየኝ በኋላ መጠኔን እንኳ ሳይጠይቀኝ የአንገት ልብስ ያሳየኝ ጀመር። በመጨረሻ ጨርቁን ገዝቼ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድሁት። ተሰፍቶ ሲመጣ ደረቱም ዳሌውም ልክ ነበር፤ ስቆም ግን በጫፉ ዙሪያ ያለው ጥለት ከፊት በአራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ከኋላ ደግሞ መሬት ሊነካ ደርሶ ተገኘ። ልብስ ሰፊው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ በሥራውም አልለገመም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ሰውነት? የጨርቁ? ወይስ የልክ አወሳሰዱ? መልሱ ከጠበቅሁት በላይ ሰፊ ሆኖ አገኘሁት።

በቅድሚያ ስለ ቃል ምርጫ ጥቂት ልበል። «ወፍራም» የሚለው ቃል በአማርኛ እንደ ተናጋሪው ሁኔታ ስድብም ምርቃትም ሊሆን ይችላል። ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኘች አክስት «ወፈርሽ እኮ!» ስትል ኑሮ እንደተመቸን መመስከሯ ነው፤ ልብስ ሻጭ ይህንኑ ቃል ሲናገር ግን ትርጉሙ «ውጪ» ማለት ይሆናል። ስለዚህ እዚህ «ሞላ ያለ ሰውነት» የሚለውን እጠቀማለሁ።

ልክ ያልነበረው ልብስ

ነጠላ፣ ጋቢና ቡልኮ ቁጥር የላቸውም። ጨርቁ ከሰውነት ጋር የሚስማማው በመቆረጥና በመሰፋት ሳይሆን በመጠምጠም፣ በመደረብና በመጣል ነው፤ ቀጭኑም ወፍራሙም አንዱን ጋቢ እየተዋዋሰ ይለብሳል። የቀድሞው የሴቶች ቀሚስም ሰፊና ልቅ ሆኖ የሚሰፋ፣ ቅርጹን ከመቀነቱ የሚያገኝ ነበር። በእርግዝና፣ በወሊድ፣ በጦምና በፋሲካ መካከል የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ሰውነት መቀነቱን በማጥበቅና በማላላት ብቻ ያስተናግደዋል። የጨርቅ መስፈሪያው ክንድ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል፤ መለኪያው ራሱ የሰው አካል ነበር።

ችግሩ የመጣው ቀሚሱ ወገቡ ላይ ተቆርጦ፣ ገበር ገብቶለት፣ ከጀርባ ዚፕ ተደርጎለት በሰውነት ላይ እንዲጣበቅ ሆኖ መሰፋት ሲጀምር ነው። ይህን የምለው ያለፈውን ለማወደስ አይደለም፤ እኔም ወገቤ እንዲታይ እወዳለሁ። የተጣበቀ ልብስ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የእያንዳንዱን ሰው ልክ ማወቅ ወይም የብዙ ሰዎችን ልክ አጥንቶ በእርከን መከፋፈል። እኛ ሁለተኛውን ዘዴ ጥናቱን ሳናካሂድ ከውጭ ተቀበልነው።

ጥናቱ በተካሄደበት አገርም ቢሆን ነገሩ የተሟላ አልነበረም። በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሥር ሩት ኦብራየንና ዊልያም ሼልተን ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተሙ። ከነጭ ሴቶች ውጭ ያሉት ልኬት ግን ከትንተናው ውጭ ተደረገ። በዚህ መረጃ መነሻነት እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የሴቶች ልብስ መለኪያ ደረጃ በ1983 ተሽሯል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አምራች የገዥውን ልብ ለማስደሰት ሲል የልብሱን ወርድ እያሰፋ ቁጥሩን ግን ዝቅ እያደረገ መጥቷል። ስለዚህ በልብሱ አንገት ላይ የተሰፋው «ኤል» ወይም «ኤክስኤል» የሚል ምልክት የሰውነት ልኬት አይደለም፤ አምራቹ ለራሱ የሰጠው ስም ነው። በቻይና ገበያ ልክ የተሰፋ «ዳብል ኤክስኤል» በአውሮፓ ልክ ከተሰፋ መካከለኛ ልብስ ጋር እኩል ሆኖ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ሲቀላ ሱቅ ውስጥ ግን ሁለቱ በአንድ መስቀያ ላይ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ።

እርከኑ የሚስተው ነገር

ፋብሪካዎች ልብስን በየቁጥሩ ለየብቻ አይነድፉም። ለአንድ መካከለኛ ሰውነት ፓተርን የሚባለው የወረቀት ንድፍ ይዘጋጃል፤ ከዚያም በተወሰነ ጭማሪ ወደ ላይና ወደ ታች ይባዛል። ምሳሌ እንውሰድ። አምራቹ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ የደረትን ዙሪያ በ4 ሴንቲ ሜትር፣ የትከሻን ወርድ በ1 ሴንቲ ሜትር ያሰፋል እንበል። አምስት እርከን ሲወጣ ደረቱ በ20፣ ትከሻው በ5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የትከሻ ወርድ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በአጥንት ነው፤ ሰው ሲሞላ የሚሞላው ክንዱ፣ ደረቱ፣ ሆዱና ዳሌው ነው። በውጤቱ ትከሻው ወደ ክንድ ይወርዳል፤ ክንዱ ራሱ ደግሞ በእጅጌው ውስጥ ይታነቃል። ገዥዋ ከዚህ የሰፋ ቁጥር ብትለብስ ትከሻው የባሰ ይወርዳል፤ ወደ ታች ብትመለስ ደረቱ አይዘጋም። በልብስ መሞከሪያው መጋረጃ ውስጥ ሰውነቷን የምትወቅሰው ሴት በእውነቱ የገጠማት የማባዛት ስሕተት ነው።

ይህን የሚያርመው ዘዴ የታወቀ ነው፤ ሞላ ላለ ሰውነት ራሱን የቻለ መነሻ ንድፍ ማዘጋጀት። ከሊቱዌኒያ ወደ ኒው ዮርክ የተሰደደችው ልብስ ሰፊ ሊና ብራያንት በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ለነፍሰ ጡሮች የሚመች ልብስ በመስፋት ጀምራ ያቋቋመችው ድርጅት ወደ ትላልቅ ልኮች የተሸጋገረው የደንበኞቹን ሰውነት በመለካት ነበር። በዚህም ቀጫጭኖቹን ብቻ ሲያስቡ የኖሩ ነጋዴዎች ያላዩትን ገበያ አገኘ።

በጥለት ላይ የሚታየው

እስካሁን ያልሁት በየትኛውም አገር ላለ ልብስ ይሠራል። የእኛን የባህል ቀሚስ ጉዳይ የተለየ የሚያደርገው ጥለቱና የጨርቁ ወርድ ነው።

ከፊት የሞላ ሰውነት ላይ ጨርቁ ከትከሻ ተነሥቶ በደረትና በሆድ በኩል እስከ እግር የሚጓዘው መንገድ ይረዝማል። የጨርቁ ርዝመት ከፊትም ከኋላም እኩል ከሆነ የፊቱ ጫፍ ወደ ላይ መነሣቱ አይቀርም። በተራ ጨርቅ የተሰፋ ጉርድ ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ልብስ ሰፊው ከኋላ የተረፈውን ቆርጦ እንደገና ይቀመቅመዋል። ጥለት ያለው ቀሚስ ላይ ግን ይህ አይቻልም። ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ጫፉን ማጉበጥ ጥለቱን መቁረጥ ማለት ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ማንም የማያስተውለው የአራት ጣት መዛነፍ በቀይና በቢጫ ጥለት ተሰምሮበት ከሩቅ ይታያል። የእኔ ቀሚስ እንቆቅልሽ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ርዝመቴን የለካው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከኋላ ነበር። እርማቱ መደረግ ያለበት ከታች ሳይሆን ከላይ ነው፤ የፊቱ ጨርቅ ከኋላው ረዝሞ ተቆርጦ ልዩነቱ በወገብ ስፌቱ ውስጥ መግባት አለበት። ይህን ለማድረግ ደግሞ የፊቱንና የኋላውን ርዝመት ለየብቻ መለካት ግድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ወርድ ነው። ሸማኔው እግሩን ወደ ጉድጓዱ አስገብቶ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው የሚያሳልፍ በመሆኑ የጨርቁ ስፋት በእጆቹ ርቀት ይወሰናል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ነው። ለማስረጃ ያህል ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው ብለን እናስላ። ለቀሚሱ ታችኛ ክፍል ሁለት ወርድ ሲጋጠም 160 ሴንቲ ሜትር ይገኛል። የዳሌዋ ዙሪያ 100 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ሴት 10 ለመላወሻ፣ 4 ለስፌት ሲታሰብ 46 ሴንቲ ሜትር ለሽንሽን ይተርፋታል፤ ስትራመድ ቀሚሱ ይከፈታል፣ ስትዞር አብሯት ይዞራል። የዳሌዋ ዙሪያ 140 ለሆነችው ግን የሚተርፋት 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጨርቅ በአንድ ዋጋ ገዝተዋል፤ አንደኛዋ ቀሚስ፣ ሁለተኛዋ ግን ቱቦ ለበሰች። «ወፍራም ሴት የሀበሻ ቀሚስ አያምርባትም» የሚለው አስተያየት በብዛት የሚሰነዘረው ይህን የመሰለ ቀሚስ አይቶ ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛ ወርድ ቢጨመር ልዩነቱ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ተጨማሪው ወርድ ከመጀመሪያው ድር ጋር አብሮ ካልተሸመነ የነጩ ቃና አይመሳሰልም፤ የጥለቱም አሠራር መጋጠሚያው ላይ አይገጥምም። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጨርቁ ሱቅ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ድሩ ከመወጠሩ በፊት ነው።

የእጅ ፈትል ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት የሚሰበሰብ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ልቅ በሆነ ልብስ ላይ የሁለት ጣት መሰብሰብ አይታወቅም፤ በዚፕ በተዘጋ ቀሚስ ላይ ግን በዓመቱ ላለመልበስ በቂ ምክንያት ነው። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ቢታጠብ ወይም በስፌቱ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ቢተው ይድናል። የተዘጋጁ ቀሚሶች ውስጣቸው ሲታይ ትርፉ ጨርቅ ለመቆጠብ ሲባል እስከ ስፌቱ ጥግ ተከርክሞ ይገኛል፤ እነዚህን የሚያሰፋ ልብስ ሰፊ ከብብት ሥር ባዕድ ቁራጭ ከማስገባት በቀር ምርጫ የለውም።

ከሱቅ እስከ ሳልባጅ

የሥራ ልብስ ጉዳይ የባሰ ነው። ባንክ፣ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ለምትውል ሴት የባህል ቀሚስ የዘወትር ልብስ ሊሆን አይችልም። ሱሪ፣ ሸሚዝና ኮት ስትፈልግ የምታገኘው ከቱርክ ወይም ከቻይና የመጣውን ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ቶሎ የሚሸጥለትን ልክ መርጦ ያመጣል። ትልቅ ቁጥር ካለም በአብዛኛው ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ፣ የእናቶች በሚባለው ስፍት ይሰፋል። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት የስልሳ ዓመት ሴት ልብስ እንድትለብስ የሚያስገድዳት ዕድሜዋ ሳይሆን የዳሌዋ ዙሪያ ነው።

የሙቀቱም ነገር አለ። ጨንቻ በብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ አርባ ምንጭ ግን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በዚህ ሙቀት ከፖሊስተር የተሠራ፣ ክንድና ብብት ላይ የተጣበቀ ልብስ ለብሶ መዋል የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቆዳን ይልጣል። ሞላ ላለ ሰውነት ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ የጤና ፍላጎት ነው፤ በገበያው የሚገኘው ትልቅ ልክ ግን ብዙውን ጊዜ ስለሚለጠጥ ብቻ «ትልቅ» የተባለ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ሴቶች ፊታቸውን ወደ ሳልባጅ ያዞራሉ። ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የአገር ውስጥ አምራቹን ለመጠበቅ የታሰበ ክልከላም ነው። ሆኖም የሳልባጅ ክምር ከአውሮፓና ከአሜሪካ ቁም ሣጥን የወጣ በመሆኑ ትልልቅ ልኮች በሞላ ንድፍ፣ በጥሩ ስፌት፣ አንዳንዴም በንጹሕ ጥጥ ይገኙበታል። ሞላ ያለ ሰውነት ያላት ሴት ወደዚያ የምትሄደው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታ ስለሌለ ጭምር ነው። ክልከላው የሚፈልገውን ውጤት እንዲያመጣ ከተፈለገ የአገር ውስጥ አምራቹ ይህችን ደንበኛ መኖሯን ማወቅ ይኖርበታል።

የሚያስቆጨው ደግሞ ችሎታው ሩቅ አለመሆኑ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ የተነሣበት ዓላማ ለውጭ ገበያ ማምረት ነበር። ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት እስክትወጣ ድረስ ከደቡብ አካባቢዎች የሄዱ ብዙ ወጣት ሴቶች በፓርኩ ውስጥ በውጭ ገዥ ትእዛዝ፣ በውጭ ገዥ የልክ ሠንጠረዥ ልብስ ሲሰፉ ቆይተዋል። ያ የልክ ዕውቀት ግን ከምርቱ ጋር አብሮ ተጭኖ ሄደ እንጂ ወደ ከተማችን የስፌት ቤቶች አልወረደም።

ማን ይለካ?

ሰውነታችን አልተለካም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሴቶችን ክብደትና ቁመት በየጊዜው መዝግቧል። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 3 በመቶ በ2016 ወደ 8 በመቶ አድጓል፤ በከተሞች ደግሞ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ መረጃ ለጤና ባለሙያ የሚጠቅመውን ያህል ለልብስ ነዳፊ አይጠቅምም። ክብደትና ቁመታቸው ፍጹም እኩል የሆነ ሁለት ሴቶች አንዷ በደረት፣ ሌላዋ በዳሌ ልትሞላ ትችላለች። ለነዳፊ የሚያስፈልገው የዙሪያ ልኬት ነው፤ የደረት፣ የወገብ፣ የዳሌ፣ የላይኛው ክንድ። የሰውነት ልኬት ከየት እስከ የት እንደሚወሰድ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 8559፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ታድሷል፤ በእርሱ መሠረት ፈቃደኛ ተማሪዎችንና ሠራተኞችን መለካት ሜትር፣ መዝገብና ለተለካው ሰው ክብር የሚሰጥ ለካ ብቻ ይጠይቃል። ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበዛ ሥራ አይደለም።

«ክብር የሚሰጥ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማችን ካሉት ልብስ ሰፊዎች ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ የሚለኩትም በመንገድ ዳር በረንዳ ላይ፣ ሰው እያየ፣ ከለበሱት ልብስ በላይ ነው። ለካው ያፍራል፣ ተለኪዋ ትሳቀቃለች፤ ሜትሩ ደረት ላይ ሳያርፍ ይነሣል፤ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ ለረዳቱ ይነገራል። ከዚህ የተነሣ አንዳንዷ የራሷን ልክ ቀንሳ ትናገራለች። የተሳሳተው ልኬት የሚጀምረው እዚህ ነው። አንድ መጋረጃና አንዲት ሴት ለካ ከየትኛውም አዲስ የስፌት መኪና በላይ ለውጥ ያመጣሉ የሚል እምነት አለኝ።

ሰሞኑን ለመስቀል በዓል ሁለተኛ ቀሚስ አሰፍቼ ነበር። በጋሞ መስቀል ሰው ሁሉ ወደ አገሩ የሚሰበሰብበትና አዲስ የሚለብስበት ትልቅ በዓል በመሆኑ ልብስ ሰፊዎች በነሐሴ ወር ትንፋሽ የላቸውም፤ ስለዚህ የጀመርሁት በሰኔ ነው። መጀመሪያ በርካሽ አቡጀዲ ሙከራ አሰፋሁ፤ እርሱን ለብሼ ተቀምጬ፣ ተነሥቼ፣ እጄን አንሥቼ የያዘኝን ቦታ በጠመኔ አስመለከትሁ። ከዚያ አቡጀዲው ተፈትቶ ለዋናው ጨርቅ ንድፍ ሆነ። ወደ ዶርዜ የወጣሁት የወርዱን ቁጥር፣ ከወገብ በታች ያለውን የፊትና የኋላ ርዝመት፣ የላይኛ ክንዴንም ዙሪያ በወረቀት ይዤ ነው። ሸማኔው ወረቀቱን አይቶ ሦስት ወርድ በአንድ ድር እንደሚያወጣው፣ ጥለቱንም በእኩል ከፍታ እንደሚጀምር ነገረኝ፤ ለሦስተኛው ወርድ የጠየቀኝም የፈትሉንና የድካሙን ዋጋ ብቻ ነበር። ቀሚሱ ሲያልቅ ጥለቱ በዙሪያው ከመሬት እኩል ቆመ። በግራ ጎኔ ካለው መጋጠሚያ ላይ ብቻ አሠራሩ በግማሽ ጣት ይስታል፤ እርሱን ነጠላው ይሸፍነዋል።